ዊኪፔዲያ ደጃፍ ላይ፦ አዲስ ጸሐፊ ደንቡን ለምን በስረዛ ይማረዋል?

ስለ ጎንደር ማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬ መጀመሪያ የሚከፍተው ስልኩን ነው። ከፍለጋው ውጤት አናት ላይ ዊኪፔዲያ አይጠፋም፤ እዚያ የሰፈረው አንቀጽም በጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያ፣ በተማሪዎች የቤት ሥራ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መልሶች ውስጥ እየተገለበጠ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 የተጀመረው ይህ መዝገበ ዕውቀት ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል በመሆኑ፣ ስለ ከተማው የተጻፈ ስህተት ያየ ጎንደሬ «እኔው ለምን አላስተካክለውም?» ብሎ መነሣቱ የሚጠበቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የጻፈው ይሰረዛል፣ የተሰረዘበትን ምክንያት የሚገልጸው መልእክት በአሕጽሮተ ቃላትና በደንብ ስሞች የታጨቀ ይሆንበታል፣ ቅር ብሎትም ሁለተኛ ሳይሞክር ይወጣል።

ይህን ገጠመኝ ብዙ ሰው እንደ ንቀት፣ አንዳንዱም ታሪካችንን ለመደበቅ እንደተሸረበ ሤራ ይቆጥረዋል። በእኔ ግምገማ ነገሩ ሌላ ነው። ደንቦቹ በአብዛኛው ትክክል ናቸው፤ የተበላሸው የሚታወቁበት ቅደም ተከተል ነው። አዲስ ሰው እያንዳንዱን ደንብ የሚያገኘው ከጣሰው በኋላ፣ በቅጣት መልክ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ደንቦቹ የተቀረጹት ጋዜጣ፣ የታሪክ መጽሔትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በቅርብ በሚገኙበት ዓለም ስለሆነ፣ ብዙው ዕውቀት በሊቃውንት አንደበትና በየደብሩ መዝገብ በሚኖርበት ከተማ ሲደርሱ ክብደታቸው ይጨምራል። ሁለቱን ችግሮች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው በትምህርት ይፈታል፣ ሁለተኛው በኅትመት።

በደቂቃዎች የጠፉ አንቀጾች

አንድ ወጣት አስጎብኚ እናስብ። ፋሲል ግቢን፣ የፋሲል መዋኛን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ለእንግዳ በየቀኑ ያስረዳል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለ አንዱ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈውን ሲያነብ አጭርና ጎደሎ ይሆንበታል። አካውንት ይከፍታል፣ የሚያውቀውን በሦስት አንቀጽ አሳምሮ ይጽፋል፣ ያስቀምጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ገጹን ሲከፍት ጽሑፉ የለም። የመስመር ብልሽት መስሎት መልሶ ያስገባዋል፤ አሁንም ይጠፋል። ይናደዳል፣ ደጋግሞ ይመልሰዋል፣ በማግስቱ አካውንቱ ታግዶ ያገኘዋል።

በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ደንቦች ተጥሰዋል፤ ልጁ ግን አንዱንም አያውቅም። የመጀመሪያው፣ ሊጠየቅ የሚችል ማንኛውም መረጃ የታተመና የሚታመን ምንጭ ሊጠቀስለት ይገባል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ለውጥ ከተቀለበሰ መልሶ ከማስገባት ይልቅ በውይይት ገጹ ላይ መነጋገር ይቀድማል የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ አንድ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ የሌሎችን ሥራ ከሦስት ጊዜ በላይ መቀልበስ አይችልም የሚለው የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ደንብ ነው፤ ይህም በይዘቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ይሠራል። ለአዲስ ሰው ከሁሉ የምትከብደው ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ናት። እውነት ተናግሮ መታገድ ግፍ ይመስላል። ደንቡ ግን የሚዳኘው የይዘቱን እውነት ሳይሆን የሰውየውን አካሄድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሁለቱም እውነት እንደያዙ እያመኑ ገጹን ሲጎትቱት ቢውሉ አንባቢው ምንም አያገኝምና።

ማን ሰረዘው የሚለው ጥያቄም መልስ ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ቅሬታ የሚነሣው እዚህ ላይ ካለ የተሳሳተ ግምት ነው። አዲስ ጸሐፊ «ዊኪፔዲያ ሰረዘብኝ» ሲል አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ ማኅተም በዓይነ ሕሊናው ይታየዋል። እንዲህ ያለ ቢሮ የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሰርቨሮቹንና ሶፍትዌሩን ያስተዳድራል እንጂ ስለ ጎንደር ምን ይጻፍ ብሎ አይወስንም። የሰረዘው ከእሱ የበለጠ መብት የሌለው ሌላ በጎ ፈቃደኛ፣ ወይም ጥፋት የሚለቅም ኮምፒዩተራዊ ሮቦት ነው። በእንግሊዝኛው ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ክሉቦት ኤንጂ የሚባለው ሮቦት ስድብና ጨዋታ የመሰለውን ለውጥ በሰከንዶች ይቀለብሳል። ከእሱ ያመለጠውን ደግሞ የቅርብ ለውጦችን የሚጠብቁ ሰዎች በልዩ መሣሪያ ያያሉ፤ በተከታታይ ከሚያዩት ውስጥ ብዙው ቀልድ፣ ስድብና ማስታወቂያ ስለሆነ ምንጭ በሌላቸው ሦስት አንቀጾች ላይ ለመወሰን ረጅም ጊዜ አይወስዱም። በልጁ በራሱ የውይይት ገጽ ላይ የሚተዉለት መልእክትም አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ቅጽ ነው። ልጁ እንደ ደብዳቤ ሲያነበው ይቆረቁረዋል።

በዚህች ሰዓት ማንም የማይነግረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ የጻፈው አልጠፋም። እያንዳንዱ ገጽ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ የተደረገበትን ለውጥ ሁሉ በታሪክ ክፍሉ ያስቀምጣል፤ የተቀለበሰው አንቀጽ እዚያ ይገኛል፣ ማን በስንት ሰዓት በምን ምክንያት እንደቀለበሰውም አብሮ ይታያል። ስለዚህ ማድረግ የነበረበት ታሪኩን ከፍቶ የሰረዘውን ሰው የአባል ስም ማየት፣ በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ ጥያቄውን መጻፍና በአራት የሞገድ ምልክት (~) መፈረም ነበር። ፊርማ የሌለው መልእክት ማን እንደጻፈው ስለማይለይ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በፌስቡክ አስተያየት ለለመደ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ሥርዓት ነው፤ ስሙ በራሱ አጠገቡ የሚወጣ ይመስለዋል። ለውጡን ሲያስቀምጥ የምትታየው ትንሽ የማጠቃለያ ሳጥንም ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም፤ «ይህን መረጃ ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ፣ ከዚህ ገጽ ጨመርሁ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ተቆጣጣሪውን ልታረጋጋ ትችላለች።

ይህ አጋጣሚ የጎንደር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሚሳተፉ ንቁ ጸሐፊዎች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ማሽቆልቆል የጀመረ ሲሆን፣ በ2013 የታተመ ጥናት ለዚህ ምክንያት ካላቸው ነገሮች አንዱ ጥራትን ለመጠበቅ የተሠሩት ደንቦችና መሣሪያዎች በቅን ልቦና የሚመጡ አዲስ ሰዎችንም አብረው መግፋታቸው እንደሆነ አመልክቷል። ማኅበረሰቡም ይህን ያውቀዋል። አዲስ ገቢን አትንከሱ የሚል መመሪያ አለው፤ ለአዲሶች ጥያቄ በትሕትና የሚመለስበት «ሻይ ቤት» የሚባል ገጽም በ2012 ከፍቷል። ያም ሆኖ ሻይ ቤቱን የሚያገኘው መኖሩን የሰማ ነው።

«እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ»

አዲሱ ሰው ወደ ውይይት ገጹ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያቀርበው ማስረጃ ራሱን ነው። የአርባ አራቱን ታቦት ጉዳይ እንውሰድ። ጎንደር የአርባ አራት ታቦት ከተማ መሆኗን በከተማው የማያውቅ ልጅ የለም። ጸሐፊው ዝርዝሩን ከአባቱ በሰማው መሠረት ቢያስገባና ሌላው ደግሞ ከሌላ ደብር በሰማው ቢያርመው፣ ሁለቱም «እኔ የምለው ነው ትክክሉ» ቢሉ፣ ማን ይፈርዳል? የትኞቹ አብያተ ክርስቲያናት በቁጥሩ እንደሚገቡ ዝርዝሮቹ ይለያያሉ፤ ከከተማው ወጣ ያሉ ደብሮችን የሚጨምር አለ፣ ኋላ የተተከሉትን የሚያስገባም አለ። የዊኪፔዲያ መልስ አጭር ነው፦ ከሁለታችሁ የትኛው ልክ እንደሆነ እኛ አንመረምርም፤ የትኛው የታተመ ጽሑፍ የትኛውን ዝርዝር እንደሰጠ አሳዩን። የራስ ምርምር ክልክል ነው የሚባለው ይህ ነው። ሽማግሌ ጠይቆ መጻፍ፣ የሕንፃን ርዝመት በሜትር ለክቶ ማስገባት፣ ሁለት መጻሕፍት አንብቦ ሁለቱም ያላሉትን ሦስተኛ መደምደሚያ ማውጣት፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። በዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለው ሥራ ያስመሰግናል፤ በመዝገበ ዕውቀት ግን ቦታው አይደለም።

ደንቡ ለታላላቆችም አይላላም። አሜሪካዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ፊሊፕ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2012 የገዛ መጽሐፉ መነሻ ሐሳብ በዊኪፔዲያ በስህተት ተገልጿል ብሎ እንዲታረም ቢጠይቅ፣ የደራሲው ቃል ብቻውን እንደማይበቃና ሌላ ምንጭ እንደሚያስፈልግ ተነገረው። እሱም ጉዳዩን በመጽሔት በግልጽ ደብዳቤ አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ የሚጠቀስ ምንጭ ተገኘ። ብዙዎች ይህን እንደ ቂልነት ይጠቅሱታል። እኔ ግን ደንቡ የሚገባውን ያደረገ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ያለው ሰው በእርግጥ ደራሲው ይሁን ስሙን የተዋሰ ሌላ ሰው ማንም ሊያውቅ አይችልም። «እዚሁ ተወልጄ» የሚለውንም እንዲሁ።

ገለልተኝነት የሚለው ደንብ በሌላ መንገድ ያሰናክላል። እ.ኤ.አ. በ1888፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም.፣ ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ አዳነው የሚለውን ትውፊት አስጎብኚው ለእንግዳ ሲተርክ እንደ ሆነ ነገር ይተርከዋል። ያንኑ በዚያው አነጋገር ቢጽፈው ይቀለበሳል። «በአካባቢው ትውፊት እንደሚነገረው» ብሎ ምንጭ ቢያያይዝበት ይቆያል፤ ትውፊቱም ክብሩ አይቀንስም። በጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ያለፈ ሰው ይህን ከማንም በተሻለ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። የአንድምታ መምህር ለአንዱ ኃይለ ቃል የተለያዩ ፍቺዎችን እየደረደረ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ትምህርት ቤቶች የሚለያዩበትንም እያመለከተ ያስተምራል እንጂ ሌላውን ፍቺ ሰርዞ የራሱን ብቻ አያስቀርም። የዊኪፔዲያ ተጨማሪ ጥያቄ ሁለት ነው፤ እያንዳንዱ አስተያየት የማን እንደሆነ በስም ይጠቀስ፣ የሚሰጠው ቦታም በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ባለው ክብደት ልክ ይሁን።

ይህ ደንብ በተለይ የሚከርረው በፖለቲካና በማንነት ጉዳዮች ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የግልግል ኮሚቴ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ጅቡቲን የሚመለከቱ ገጾችን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በልዩ ቁጥጥር ሥር አድርጓቸዋል። በእነዚህ ገጾች ላይ አስተዳዳሪዎች፣ ማለትም የማገድ መብት የተሰጣቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ከወትሮው ፈጥነው ሊያግዱ፣ አንድን ሰው ከርዕሱ ጨርሶ ሊያርቁት ይችላሉ። ስለ ወሰንና ስለ ማንነት በሚያነታርክ ገጽ ላይ ልምምዱን የሚጀምር የጎንደር ወጣት እንግዲህ ሳያውቀው የገባው እሳት የበዛበት ክፍል ውስጥ ነው። ለጀማሪ የምመክረው በቀጥታ ነው፦ እዚያ አይጀመርም።

ሁለት ዘመን አቆጣጠር፣ አንድ ገጽ

ከደንብ መጻሕፍቱ ውጭ ያለ፣ ለእኛ ብቻ የተቀመጠ አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የጎንደር መቆርቆር በእንግሊዝኛው ገጽ 1636 ተብሎ ሲገኝ፣ በአማርኛ መጻሕፍት 1628 ያነበበ ሰው ስህተት ያገኘ መስሎት ቁጥሩን ብቻ ይለውጣል። ለተቆጣጣሪው፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ዓመተ ምሕረት የሚለውጥ አዲስ አካውንት ጥፋተኛ መምሰሉ አይቀርም፤ ቁጥር በስውር ማዛባት የታወቀ የጥፋት ዓይነት ስለሆነ። ልጁ እውነት ይዟል፣ ተቆጣጣሪውም እውነት ይዟል፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ነው፣ ይህን የሚነግራቸው ግን በመካከላቸው የለም።

ጉዳዩ ስምንት ከመቀነስ የጠለቀ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ስለሚሆን፣ ወሩ ያልታወቀ የ1636 ክስተት በእኛ አቆጣጠር 1628 ወይም 1629 ሊሆን ይችላል። አንዱን መርጦ መጻፍ ራሱ ምንጭ የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው። ወርና ቀኑ ሲታወቅ፣ ለምሳሌ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያረፉበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት በአማርኛው ገጽ የሚታየው ነው፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ሳይደረግበት የተጻፈን ዓመት ቀጣዩ ሰው የአውሮፓ መስሎት ስምንት ይቀንስለታል፣ ነገሥታቱም ከዘመናቸው ቀድመው ይነግሣሉ። ጀማሪ ሆኖ ጠቃሚ ሥራ መሥራት ለሚፈልግ ሰው፣ ምልክት የሌላቸውን ዓመታት ከምንጫቸው ጋር እያመሳከሩ ምልክት ማድረግ ከብዙ አዳዲስ ገጾች ይበልጣል።

የፊደል ጉዳይም በአጭሩ ይነሣ። ፋሲል፣ ፋሲለደስ፣ ፋሲሊደስ፤ ዐፄ፣ አፄ፣ ዓፄ። ኮምፒዩተሩ እነዚህን የተለያዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያያቸው በአንድ ንጉሥ ላይ ሁለት ገጽ ሊከፈት ይችላል። መፍትሔው ሌሎቹን አጻጻፎች ወደ አንዱ ገጽ የሚመሩ አድርጎ ማስቀመጥ ነው እንጂ በትክክለኛው ፊደል ላይ መሟገት አይደለም።

ምንጩ የት አለ?

እስካሁን ያልሁት ደንቡን በማወቅ የሚፈታ ነው። ምንጭ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ ጎንደር ዘመን የተጻፈው ጥሩ ጥናት ብዙው በውጭ ቋንቋ የታተመ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም ለግለሰብ የሚቀመስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ያሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ ታሪክ በነጻ ይገኛል፤ ነገር ግን እሱ የዓይን ምስክር በመሆኑ፣ እንደ ነገሥታቱ ዜና መዋዕል ሁሉ፣ በጥንቃቄ የሚጠቀስ ቀዳማዊ ምንጭ ነው። ዊኪፔዲያ አብልጦ የሚፈልገው እነዚህን አንብቦ የመረመረ የኋላ ዘመን ጥናት ነው።

በዚህ ላይ ጀማሪዎች የማያውቁት፣ ቢያውቁት ግን ሸክማቸውን በግማሽ የሚያቀል ነጥብ አለ። ምንጩ ኢንተርኔት ላይ መገኘት የለበትም፣ እንግሊዝኛ መሆንም የለበትም። በመደርደሪያ ላይ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ፣ የአዲስ ዘመን ወይም የበኩር ጋዜጣ የቆየ እትም፣ የደራሲው ስም፣ ርዕሱ፣ አሳታሚው፣ ዓመቱና ገጹ ተሟልቶ ከተጠቀሰ በእንግሊዝኛው ገጽም ቢሆን ተቀባይነት አለው። የማይቀበሉት የፌስቡክ ልጥፍ፣ የቴሌግራም ቻናልና ማንም ያላረመው የዩቲዩብ ትረካ ነው። የከተማው ወጣት ግን መጽሐፉን ትቶ ሊንክ ፍለጋ ይደክማል፣ ሊንኩ ያለው ደግሞ ማስረጃነት የሌለው ነው።

የአንደበት ዕውቀት ግን ሳይፈታ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን በድምፅ ቀርጾ እንደ ምንጭ የመጥቀስ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ሐሳቡ ብዙ አነጋገረ እንጂ በእንግሊዝኛው ገጽ አጠቃላይ ደንብ አልሆነም። ይህ በቀጥታ የሚነካን በሰዎች ታሪክ ላይ ነው። በዊኪፔዲያ አንድ ሰው የራሱ ገጽ እንዲኖረው ከእሱ ነጻ የሆኑ የታመኑ ምንጮች በሰፊው ሊጽፉለት ይገባል። ጎንደር በአታ ለአቋቋም ትምህርት የምስክር ቦታ ናት፤ እዚያ ወንበር ዘርግተው ከየሀገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርትን ያስመረቁ መምህር ስማቸው በቤተ ክህነት ሁሉ የሚታወቅ ሆኖ አንድም የጋዜጣ ጽሑፍ ላይኖራቸው ይችላል። የአንድ ወር ዘፋኝ ግን ሊኖረው ይችላል። ይህ ጉድለት በታላላቆችም ላይ ይደርሳል፤ ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የኖቤል ሽልማት ስታገኝ ገጽ አልነበራትም፣ ከጥቂት ወራት በፊት የቀረበውም ረቂቅ በቂ ምንጭ የለውም ተብሎ ተመልሶ ነበር። በእኔ እምነት መላላት የሚችለው ደንብ ቢኖር ይህ የተገቢነት መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ የቋንቋ ማኅበረሰብም የራሱን መለኪያ ማውጣት ይችላል። ምንጭ የመጥቀሱ ግዴታ ግን ሊላላ አይገባም፤ እሱ ከላላ የአርባ አራቱ ታቦት ክርክር ማለቂያ የለውም።

በአማርኛው ገጽ ያለው ዝምታ

በእንግሊዝኛው የተገፋ ሰው ወደ አማርኛው ዊኪፔዲያ ሲመጣ የሚያጋጥመው ተቃራኒው ችግር ነው። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ ገጾች ሲኖሩት አማርኛው በ15 ሺህ አካባቢ ነው፤ በየጊዜው የሚሠሩበት ሰዎችም ጥቂቶች ናቸው። እዚህ የሚቀለብሰው የለም፣ የሚያመሰግነውም የለም። በውይይት ገጽ የጠየቀው ጥያቄ ወራት ሊያስቆጥር ይችላል። ስህተቱን የሚነግረው ባለማግኘቱ ምንጭ አልባ አጻጻፉን እንደ ትክክለኛ ልማድ ይዞት ይሄዳል፤ አንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛው ሲመለስም ያው ግጭት ይጠብቀዋል። አንዱ ቋንቋ የሌላውን ደንብ እንደማይከተል፣ በአንዱ የታገደም በሌላው ሊጽፍ እንደሚችል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ጥቂት ሰው ያለበት ገጽ ምን ሊደርስበት እንደሚችል በስኮትስ ቋንቋው ዊኪፔዲያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታወቀው፣ ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ታዳጊ ለዓመታት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ገጾችን የእንግሊዝኛ ቃላትን እያጣመመ ጽፎ ነበር፤ የሚያየው ሰው ስላልነበረ ማንም አላስቆመውም። በአማርኛ ዛሬ የዚህ አደጋ መልክ የማሽን ትርጉም ነው። ግሥ ከባለቤቱ ጋር የማይስማማበት፣ «እሱ» እና «እሷ» የተቀላቀሉበት ገጽ በአንድ ከሰዓት ብዙ ሊወጣ ይችላል። ልፋት የቀነሰለት ጀማሪ የረዳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ያንን ገጽ ማረም አዲስ ከመጻፍ ይከብዳል። ከእንግሊዝኛው በጥንቃቄ የተረጎመ ሰውም ቢሆን ከየትኛው ገጽ እንደተረጎመ በማጠቃለያው ሳጥን መግለጽ አለበት፤ የዊኪፔዲያ ጽሑፍ ነጻ ነው ማለት ጸሐፊዎቹ አይጠቀሱም ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጽሑፍ ተጨምሯል። ፕሮግራሙ ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲጠየቅ የማይገኝ መጽሐፍ ከማይገኝ ገጽ ጋር ጠቅሶ ሊሰጥ ይችላል፤ ጀማሪውም ምንጭ ተጠየቅሁ ብሎ ያንን ያስገባል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2025 ሰው ሳያጣራው የተለጠፈ የማሽን ጽሑፍ መሆኑ ግልጽ የሆነ ገጽ ያለ ረጅም ክርክር እንዲሰረዝ ወስኗል፤ ከምልክቶቹም አንዱ ይኸው የሌለ ምንጭ ነው።

ፎቶግራፍ፣ ማስታወቂያና መስመር

ጎንደሬ ለዊኪፔዲያ በቀላሉ ሊሰጥ የሚችለው ፎቶግራፍ ነው፤ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክትም ዓለም የሚያውቃቸው ናቸውና። ነገር ግን ከፌስቡክ ወይም ከጉግል ያወረዱትን ሥዕል የዊኪፔዲያ ሥዕሎች በሚቀመጡበት በዊኪሚዲያ ኮመንስ መጫን በሕግ የሌላውን መብት መንካት ስለሆነ ይሰረዛል። በራስ ስልክ ያነሡት ይፈቀዳል፤ ያንሺው ግን ሌላ ሰው ለንግድ ጭምር ሊጠቀምበት እንደሚችል መስማማቱን ማወቅ አለበት። ፎቶ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ይህን ውል ሳያነብ ከፈረመ በኋላ ይቆጫል፤ ፈቃዱንም መልሶ መውሰድ አይችልም።

በጥምቀት ሰሞን የሚበዛው ሌላ ስህተት ማስታወቂያ ነው። በሆቴል ወይም በድርጅት ስም የተከፈተ አካውንት በእንግሊዝኛው ገጽ ይታገዳል፤ አካውንት የአንድ ሰው ነው እንጂ የቢሮ አይደለም። ተከፍሎት የሚጽፍ ሰው ደግሞ ማን እንደከፈለው ማሳወቅ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአጠቃቀም ውሉ ግዴታ ነው።

የመስመሩ ነገር ከጸሐፊው አቅም በላይ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙ ሰው ቪፒኤን ለመደ፤ ዊኪፔዲያ ደግሞ አጥፊዎች ስለሚደበቁባቸው አብዛኞቹን የቪፒኤን አድራሻዎች አግዷል። ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ ግን አይቻልም። ምንም ያላጠፋ ሰው «ታግደሃል» የሚል ጽሑፍ ሲያይ በግሉ የተፈረደበት ይመስለዋል፤ ቪፒኤኑን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። ከዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ግን ስለ ደንብ ማውራትም አልተቻለም።

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል

ብዙ ሥልጠናዎች አዲስ ገጽ በመክፈት ይጀምራሉ፤ ሠልጣኙ በዕለቱ ስሙ ያለበት ገጽ ይዞ እንዲወጣ ይፈለጋል። ከሁሉ የሚከብደውን ሥራ ማስቀደም ነው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አካውንቱ አራት ቀን ያልሞላው ወይም አሥር ለውጥ ያላደረገ ሰው እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አዲስ ገጽ በቀጥታ መክፈት አይችልም፤ በረቂቅ አቅርቦ የሚገመግምለት ሰው መጠበቅ አለበት፣ ተራውም ወራት ሊፈጅ ይችላል። የተሻለው መንገድ ቀድሞ በተጻፈ ገጽ ላይ ካሉት አንድ ዓረፍተ ነገር መርጦ፣ መጽሐፉን በእጅ ይዞ፣ ገጹን ጠቅሶ ምንጭ ማያያዝ ነው። ይህን ለውጥ የሚቀለብስ ተቆጣጣሪ ማግኘት ይከብዳል። ጀማሪው በዚሁ ሥራ ማጣቀሻ ማስገባትን፣ የማጠቃለያውን ሳጥን፣ የታሪክ ክፍሉንና የውይይት ገጹን ሳይቀጣ ይማራል። አዲስ ገጽ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊትም ከርዕሱ ነጻ የሆኑ ሁለት ሦስት የታተሙ ምንጮች ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ለዚህ ጎንደር የሚያስፈልጋት አዳራሽና የምስክር ወረቀት ሳይሆን የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለው፣ ስለ ከተማው የሚያጠኑ ተማሪዎችም አሉት። የማስተርስ ማሟያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ በሌሎች ምሁራን ካልተጠቀሰ በስተቀር በምንጭነት ብዙም አይታመንም። ከአንድ የበአታ መምህር አንደበት የተሰበሰበ ጥናት በአቻ ግምገማ አልፎ በመጽሔት ሲታተም ግን፣ ያ አስጎብኚ ገጹንና ቅጹን ጠቅሶ ሊያስገባው ይችላል፤ የሚቀለብሰው ሰውም ምክንያቱን በውይይት ገጹ ላይ ማስረዳት የእሱ ተራ ይሆናል።